የተጠባባቂዋ ተራ

ተጠባባቂዋ በአምስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን መድረክ ላይ አልወጣችም። ሥራዋ ይኸው ነበር፤ የዋናዋን ተዋናይት ቃል በሙሉ በቃሏ ይዛ ከመጋረጃው ጀርባ መቀመጥ። ዋናዋ ከታመመች ትገባለች። ዋናዋ ግን ታምማ ቀርታ አታውቅም።

ዋናዋን ሁሉም ሰው «እሜቴ» ነው የሚላት። በየፊልሙ የምትታየው፣ ፎቶዋ በየፀጉር ቤቱ የተለጠፈው እሷው ናት። ሃምሳን አልፋለች። ልቧ ደካማ ስለሆነ ክኒኗን ከቦርሳዋ አትለይም፤ መጋረጃው ሲከፈት ግን ደረጃውን እየዘለለች ትወርዳለች። ታዲያ ተጠባባቂ ምን ይጠብቃል?

ይህ ሁሉ ባልከፋ። ተጠባባቂዋ ግን ለእናቷ ዋሽታለች። «ከእሜቴ ጋር ተራ በተራ ነው የምንጫወተው» ብላ። እናት ደግሞ እናት ናት፤ ያልሰማ ጎረቤት የለም። «ዛሬ የልጄ ተራ ነው» እያለች ስንቱን ስታደርቅ ከረመች! «እስቲ መጥቼ ልይሽ» ስትል ግን ምክንያት አይጠፋም፤ ደረጃው ይበዛል፣ ሰው ይጋፋል፣ ጉልበትሽን ያምሻል።

ቴአትሩ ለመጨረሻ ጊዜ በሚታይበት ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ ስልኳ ጮኸ።

«ዛሬ መጥቼ አይሻለሁ» አለች እናቷ። «መግቢያ አግኝቻለሁ። ከፊት ነው የምትቀመጪው ብለውኛል።»

«እማዬ፣ ዛሬ እኮ...»

«ዛሬ ካልሆነ መቼ? የመጨረሻው ቀን አይደል እንዴ? በይ እስኪ፣ ፀጉሬን ልሠራ።»

ስልኩ ተዘጋ።

ትርኢቱ ስምንት ሰዓት ላይ ይጀምራል። ግማሽ ሰዓት ሲቀረው እሜቴ ከመልበሻ ክፍሏ ወጣች። የመድረክ ልብሷን ገና አልለበሰችም።

«እናትሽ እንዴት ናቸው?» አለቻት ስታልፍ።

«ደ... ደህና ናት፣ እሜቴ።»

በአምስት ዓመት ውስጥ ስለ እናቷ ጠይቃት አታውቅም። ወሬው ደርሷት ይሆን እንዴ?

«ከልብስ መጋዘኑ አንድ ሻርፕ ልፈልግ» አለች እሜቴ። «ቁልፉን በሩ ላይ እተወዋለሁ።»

መጋዘኑ ከኮሪደሩ መጨረሻ ነው። መስኮት የለውም፤ በሩም ወፍራም ነው። ተጠባባቂዋ በሩ ሲገጠም ቆማ አየች። ከዚያ የሆነውን እሷም በቅጡ ልታስረዳ አትችልም። ሄደች፣ ቁልፉን አዞረች፣ ነቅላ ኪሷ ከተተች። ከውስጥ ድምፅ አልተሰማም።

የመድረክ ተቆጣጣሪው ዘንድ ሮጣ በጨው ዐይኗን ታጥባ ዋሸች። «እሜቴን አሟቸዋል። ወደ ቤት ሄደዋል።»

ሰውየው አንድ ኩባያ ሲጠፋ እንኳ ቡራ ከረዩ የሚል ነው። ዛሬ ግን «በይ ልበሺ፣ ሰዓት የለም» አላት ብቻ።

ቀሚሱን አጠለቀችው፤ ቁልፉንም ወደ ኪሱ አዛወረች። ልክክ አለላት። መስታወት ለማየት እንኳ ጊዜ አልነበራትም።

መጋረጃው ተከፈተ። ከመብራቱ ማዶ ሁሉም ጨለማ ነው፤ ደግሞም ወደ ፊት ወንበሮች ለማየት አልደፈረችም። የመጀመሪያውን ቃል ስትናገር ግን ከጨለማው ውስጥ «ውይ የኔ ልጅ!» የሚል ድምፅ ሰማች። እናቷ ናት። አጠገቧ ያለ ሰው ቀስ ብሎ ዝም አሰኛት። አዳራሹ ሳቀ፤ ተጠባባቂዋም ነፍስ ዘራች። ያ በቃሏ የያዘችው ሁሉ ያለ አንዳች እንቅፋት ይወጣ ጀመር።

ለእረፍት መጋረጃው ሲዘጋ ወደ መጋዘኑ በረረች። ጆሮዋን በሩ ላይ ለጠፈች።

«እሜቴ!»

ጭጭ።

በቡጢ ደበደበችው። ጭጭ። ያኔ ክኒኑ ትዝ አላት። ስትገባ ቦርሳዋን ይዛ ነበር? ወይስ አልያዘችም? ብታስበው፣ ብታስበው ሊመጣላት አልቻለም። ቁልፉን ከኪሷ አውጥታ ቀዳዳው ውስጥ ስትከት አንድ እጅ ክንዷን ያዛት።

«ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?» አለ ተቆጣጣሪው። «ሁለተኛው ክፍል ተጀመረ እኮ!»

«አንድ ደቂቃ...»

«ግማሽም የለሽ!» እየጎተተ ወሰዳት።

በሁለተኛው ክፍል ባለታሪኳ በሞተ ሰው ላይ ታለቅሳለች። ተጠባባቂዋ አለቀሰች። ትወና አልነበረም። ገድያታለሁ፣ በገዛ እጄ ገድያታለሁ እያለች ነበር በሆዷ። ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነስቶ አጨበጨበ። እሷ እጅ ነስታ እንኳ አልጨረሰችም፤ በቀሚሷ እየተደናቀፈች ሮጠች።

ቁልፉ በሩ ላይ እንደቀረ ነው። ከፈተችው።

ማንም የለም። ከጀርባ በኩል ያለውን ትንሽ በር ዘግቶ የነበረው ቁም ሳጥን ወደ ጎን ተገፍቷል፤ በሩም ወደ አናጺዎቹ ክፍል ተከፍቷል። ተጠባባቂዋ መሬት ላይ ዘፍ ብላ «ተመስገን» አለች። አልሞተችም!

ደስታው የአንድ ትንፋሽ ያህል ነው የቆየላት። ካልሞተች የት ሄደች? ለማን ልትናገር?

ብድግ ብላ በመድረኩ በኩል ወደ አዳራሹ ወረደች። ሰዉ ወደ በሩ እየተገፋ ነው። ከፊተኛው ረድፍ እናቷ አልተነሳችም፤ ፊቷ በእንባ ርሷል። ከጎኗ እሜቴ ተቀምጣ እጇን ይዛታለች። አለቀልኝ፣ ሁሉን ነግራታለች፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አለች ተጠባባቂዋ። ቀረበች።

«እማዬ፣ ይቅር በይኝ፣ እኔ...»

«ምን ሆነሽ ነው? ይልቅ ነይና ሳሚያት!» አለች እናቷ እንባዋን እየጠረገች። «ትናንት ቤት ድረስ መጥታ፣ ‹እማማ፣ ነገ የልጅዎ ተራ ነው፤ እንዳይቀሩ› ያለችኝ እሷ እኮ ናት።»