የገብሱ ጠያቂዎች

ከወንዙ ማዶ ያለው የገብስ ቫይረስ ገዳይ ነው። ወዲህ ያለው ግን ቅጠሉን አዥጎርጉሮ ይተወዋል እንጂ አይገድልም። ተመራማሪዋ ይህን ያወቀችው ከማዶም ከወዲህም የታመመ ቅጠል በጣቶቿ አሽታ፣ በዚያው እጇ የቤተ ሙከራውን ጤነኛ ቡቃያ እየዳበሰች የቱ እንደሚሞት ስታይ ከርማ ነው።

ዘንድሮ ገዳዩ ወዲህ ተሻገረ። በምን እንደተሻገረ ግን ክረምቱን ሙሉ ጭቃ ብትረግጥም አላገኘችውም። ይህን ቫይረስ ነፍሳት አያዛምቱትም። ከማዶ ዘር ያመጣ ሰውም የለም።

ዛሬ ደክሟት፣ መጀመሪያ በታመመው በጋሽ ውብነህ ማሳ ድንበር ላይ ተቀመጠች።

«እውነት ከማዶ ምንም አላመጡም?»

«ስንቴ ልንገርሽ ልጄ? ባዶ እጄን ሄጄ ባዶ እጄን ነው የተመለስኩት። የዘመዶቼ ገብስ እየሞተ ሳልጠይቅ ልቅር?»

ይህን እያሉ ሳለ ጎረቤቶቻቸው መጡ። «እግዜር ይተካልህ» እያሉ ዝናብ ያረጠበው ማሳ ውስጥ ገቡ። ከንፈራቸውን እየመጠጡ፣ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳብስ ሰው፣ የደረቀውን ቅጠል በመዳፋቸው አሻሹት።

ተመራማሪዋ ድካሟ ጠፋ።

«ጋሼ፣ ማዶም የጠየቁት እንዲህ ነው?»

«ታዲያስ! ሳይዳብሱ ምን ጥየቃ አለ? ቤቴ ስደርስም መጀመሪያ የራሴን ነው የዳበስኩት።»

ዘወር ስትል ጠያቂዎቹ የየራሳቸውን ገብስ ሊያዩ ቁልቁል ተበትነዋል። ብድግ ብላ ባላት ድምፅ ሁሉ ጮኸች።

የተሰናበተቻቸው መስሏቸው፣ ከየማሳቸው መሃል እጃቸውን አውለበለቡላት።