የቀነዓ ዒላማ

በ1976 ክረምት ገመዳ አንድ ቀን እንኳ ተረጋግቶ አልተቀመጠም።

ነገሩ የጀመረው አብተው የሚባለው ካድሬ ሞንጎሊያ ሠልጥኖ ሲመለስ ነው። እዚያ ፈረሰኛ እየጋለበ ቀስት ሲያስፈነጥር አይቶ ኖሮ፣ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ናዝሬትም ይህንኑ ታሳያለች አለ። ካድሬ ያለውን ማን ይሽራል? ከጉግስ በቀር የማያውቁት የገበሬ ልጆች በመልካሳ መንገድ ዳር ሜዳ ላይ፣ በሐምሌ ጭቃ፣ ከነፈረሳቸው ተሰለፉ።

የገመዳ አንድያ ልጅ ቀነዓ በሦስተኛው ቀን ጭድ የታጨቀበትን ጆንያ ሦስቴ አከታትሎ ወጋው። አብተው ፈገግ ብሎ ስሙን ደብተሩ ላይ ጻፈ።

ያ ደብተር የገመዳን እንቅልፍ ነሳው። በግንቦት ከገበሬ ማኅበራቸው አራት ጎረምሶች ለብሔራዊ ውትድርና ተወስደው ወሬያቸው ጠፍቷል። ጦር ሜዳ የሚፈለገው ዒላማ የሚመታ አይደል?

«ልጄ፣ ከእንግዲህ ዒላማውን እንዳትመታ» አለው።

«አባ፣ ይስቁብኛል እኮ!»

«ይሳቁ። ከሚለቀስልህ ቢሳቅብህ ይሻላል።»

ቀነዓ መሳት ጀመረ። አንዴማ ቀስቱ የማኅበሩን ሊቀመንበር በቅሎ ለጥቂት ሳታት። ሜዳው በሳቅ አውካካ፤ አብተው ግን አልሳቀም።

«እንደገና!» አለ። ሌላውን አንዴ ሲያስሞክር ቀነዓን አራት አምስቴ ይመልሰዋል። ገመዳ ሜዳው ዳር ካለው ግራር ሥር ይቀመጣል፣ ይነሳል፣ ዛፉን ይዞራል። ይሄ ሰው ልጄን ካልበላ አይለቅም እያለ ያጉረመርማል።

አንድ ቀን አብተው ራሱ ወደ እሱ መጣ። «አባባ ገመዳ፣ ልጅዎ ምን ነካው? እጁ ጥሩ ነበር። እባክዎ ይምከሩት።»

«ዓይኑ ደክሞ ነው፣ ጌታ... ጓድ።»

አብተው እስክሪብቶውን እንደያዘ ብዙ ቆመ። ከዚያ የቀነዓን ስም ሰረዘ። ያን ቀን ገመዳ ጠግቦ በላ።

በነሐሴ መጨረሻ ሁለት የጦር ካሚዮኖች ሜዳው ላይ ቆሙ። አብተው የዐሥራ ሁለት ፈረሰኞች ስም አነበበ። ቀነዓ የለበትም። ስማቸው የተጠራ ልጆች እናቶች እሪ አሉ። ገመዳ አዘነላቸው፤ ሆኖም ደስታውን መዋጥ ስላቃተው ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

አብተው ወረቀቱን አጠፈ።

«የተጠራችሁ ለበዓሉ ትፈለጋላችሁ፤ ወደየቤታችሁ ሂዱ» አለ። «የቀራችሁት መኪናው ላይ ውጡ።»