እኩል የሚራመዱት ነጥቦች

በአሰላ ከተማ ፀሐይን እንደ ምንታምር አብጠርጥሮ የሚያውቅ የለም፤ ይህን የምትለው ራሷ ምንታምር ናት። የፀሐይ ማዕበል ሳተላይቶቹን ካቃጠለ ወዲህ በየቀበሌው አንድ ተማሪ በየማለዳው የፀሐይን ጥቁር ነጥቦች በወረቀት ይስላል። ትልቁ ነጥብ ፊቱን ወደ ምድር ባዞረ ቀን መብራት ይጠፋል። የቀበሌዋ ሣይ ምንታምር «ሰኞ ነው የሚደርሰው» ስላለች የእህቷ የሀመልማል ሠርግ ለእሑድ ተቆረጠ፤ በኤሌክትሪክ የሚጫወት የሙዚቃ ባንድም ተቀጠረ።

ዓርብ ዕለት የጥንት የፀሐይ ሥዕሎችን የሚጠብቁት ጋሽ ወልደሰንበት የእሷን አሥር ሥዕሎች ከጥንቶቹ ጎን ደረደሩ።

«ያምራሉ አይደል ጋሼ?»

«ሲበዛ። የላይኛውም የመሃሉም ነጥብ እንደ ሰልፈኛ እኩል ይራመዳሉ። የአራት መቶ ዓመቱን ሥዕል ብታዪ ግን የፀሐይ ወገቧ ከአናቷ ይፈጥናል። ትልቁ ነጥብ ደግሞ ወገቧ ላይ ነው። እሑድ ይደርሳል ልጄ።»

አሥሩን ማለዳ ተኝታ አሥሩንም ሥዕል በአንድ ከሰዓት የጨረሰችው ምንታምር አንገቷን ደፋች።

ቤት ስትደርስ ወሬው ቀድሟታል። ሙሽራዋ ከድንኳኑ ላይ ባለቀለም አምፖሎቹን እያወረደች ትጠቀልላለች።

«ምናልባት ፀሐይዋ ዘንድሮ ጠባይዋን ቀይራ ይሆናል» አለች ምንታምር።

ሀመልማል ከበሮውን አስታቀፈቻት። «እሑድ ባንዱ አንቺ ነሽ። ፀሐይማ በሰዓቷ ወጥታለች፤ የተኛሽው አንቺ።»