ያልተፈረመው መጥሪያ

ረሂማ ከሞተች ሃያ ስድስት ቀን ሆኗታል።

ሐርቡ እናቷ ዘንድ ሄዳ ወባ ያዛት፤ በአራተኛው ቀን አረፈች። በወባ ወራት ወደ ቆላ ምን እንዳስወረዳት ባሏ ጀማሉዲን እስከ ዛሬ አልገባውም። ኮምቦልቻ ምን ጎደለባት? ቀብሯት ሲመለስ የሦስት ዓመት ልጁን ለይላን በትከሻው ተሸክሞ መጣ።

ዛሬ ከሚሠራበት ፋብሪካ የዕረፍት ቀኑ ነበር። የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ወይዘሮ ሸዋረጋ በማለዳ አስጠርተው አንድ ዶሴ አስያዙት።

"ደሴ አድርስልኝ። የረሂማ ሥራ ነው፤ ካንተ ሌላ ሰው ባይዘው ደስ ይለኛል። የጎደለ ነገር ካለም አንተው ፈልገህ ሙላው።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሏ የሚደበድባት ሴት ለቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ስታመለክት፣ መጥሪያውን ለባሏ የምታደርሰው ራሷ ነበረች። ከሳሽ የሆነ ሁሉ መጥሪያውን ራሱ ያደርሳል፤ ደንቡ ነው። ሴትዮዋ ወረቀቱን ጉያዋ ውስጥ ሸጉጣ ከሰውየው ጋር ወደምትኖርበት ቤት ትገባለች። አንዳንዷ አውጥታ ትሰጠዋለች። አንዳንዷ ሳትሰጠው ትቀራለች፤ መዝገቡም ይዘጋል። አሁን ከውጭ አገር ዕርዳታ መጥቷል። መጥሪያ አድራሽ ይቀጠርበታል፤ ሴቶቹ ለብቻቸው ቃላቸውን የሚሰጡበት ክፍልም ይሠራበታል። የሚበቃው ግን ለአንድ ቀበሌ ነው። ማመልከቻውን ያዘጋጀችው ረሂማ መሆኗን ጀማሉዲን የሰማው ከሞተች በኋላ ነው። ኮራባት። ዕርዳታው ለሷ ቀበሌ እንዲሰጥ ከልቡ ፈለገ። ሌላ የሚያደርግላት ነገር አልቀረውም።

ደሴ፣ ከፒያሳ ከፍ ብሎ ባለው የዕርዳታው ቢሮ፣ አትጠገብ የምትባል ሠራተኛ ዶሴውን ገለጠች።

"ጓድ፣ አንዱ ጎድሏል።"

"ምኑ?"

"መጥሪያው። ለማስረጃ የዘጠኝ ሴቶች መጥሪያ መያያዝ አለበት። ባልየው ከተቀበለ ከግርጌው 'ደርሶኛል' ብሎ ይፈርማል። ካልደረሰውም ወረቀቱ እንዳለ ይመለሳል። ዘጠነኛው ግን ጭራሽ የለም። እስከ ነገ ጠዋት ካላመጣችሁ ለሌላ ቀበሌ ነው የምንሰጠው።"

"የማን ነው?"

"ለሴቶቹ ሲባል ስም አይጻፍም። የቤት ቁጥር ብቻ ነው ያለው። መቶ አሥራ አራት።"

ዝርዝሩን አዞረችለት። በመሠረተ ትምህርት የተማረችው የረሂማ ጎርበጥ ያለ ፊደል ነው። ጀማሉዲን ጣቱን ቁጥሩ ላይ አሳረፈ። የራሱ ግቢ ነው። በዚያ ቁጥር የሚኖሩት ሁለት ቤተሰቦች ናቸው፤ እሱና ሞላ።

አውቶቡሱ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ከጎኑ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። መንገዱን ሙሉ ስለ ሞላ አሰበ። ሞላ ሲቆጣ ድምፁ አስፋልቱ ድረስ ይሰማል። ሳህን ሲወረውርም ታይቷል። ከጀማሉዲን ቤት ግን አንድም ቀን ጩኸት ወጥቶ አያውቅም፤ ሰፈሩ ሁሉ ይመሰክራል።

ሞላ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ የመኪና ጎማ ይለጥፍ ነበር።

"አሰላሙ አለይኩም። ሞላ፣ መጥሪያ ደርሶህ ነበር?"

"ወአለይኩም ሰላም። የምን መጥሪያ? የዘመቻ? በዚህ ዕድሜዬ ከፈለጉኝ ሰው አልቆባቸዋል ማለት ነው!" ብሎ ሳቀ።

"የፍርድ ሸንጎ። ሚስትህን በመምታት።"

የሞላ ሳቅ ቆመ። "እኔ? እኔኮ የምጮኸው ስለማልማታ ነው፣ ወንድሜ።"

ሚስቱ መዲና ለይላን አዝላ ብቅ አለች። ልጅቱ ከሐርቡ ከመጣች ጀምሮ የምታድረው እነሱ ዘንድ ነው። አባቷን ስታይ ፊቷን መዲና ጀርባ ላይ ደፋች። እናቷ ናፍቃት ነው፤ ጀማሉዲን ለሚጠይቀው ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው።

"መዲና፣ አትፍሪ። ወረቀቱን ብቻ ስጪኝ። እኔ አለሁ።"

"ወላሂ፣ ነክቶኝ አያውቅም።"

"ሁሏም እንዲህ ነው የምትል።"

መዲና ትክ ብላ አየችው።

"የቀበሌ ሱቅ ዛሬ ስኳር ያድላል" አለች። "ለይላ ሻይ በጨው ጠጥታ ነው የዋለች። ሳይዘጋ የራሽን ካርዳችሁን ፈልገህ ሂድ።"

"የት እንደምታኖረው አላውቅም።"

"ሣጥኑ ውስጥ፣ ከልብሶቿ ሥር። እኔ አውቃለሁ።"

ጀማሉዲን ወደ ቤቱ ገባ። በሩን ሲገፋው ሲጢጥ አለ፤ ባለፈው ሰኔ ተገንጥሎ እሱ ራሱ ነው መልሶ የመታው። ግድግዳው ላይ፣ ከቀበቶው አጠገብ፣ የረሂማ ሻሽ ተሰቅሏል። በጠራራ ፀሐይ እንኳ እስከ አንገቷ ጥብቅ አድርጋ የምትጠመጥመው ሻሽ ነው። አውርዶ አሸተተው። መልሶ ሰቀለው። አሁንም ሁለት ሰው የሚኖርበት ይመስል በአንደኛው በርጩማ ተቀመጠ፤ ሌላውን ተወላት።

ሣጥኑን ከፈተ። ወረፋ መያዝ የሷ ሥራ ስለነበር ካርዱን በእጁ ነክቶት አያውቅም። ሲገልጠው አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ወደቀ። የሸንጎው ማኅተም አለበት። ቁጥር ዘጠኝ። ብዙ ከመታጠፉ የተነሣ እጥፋቱ ሊበጠስ ደርሷል።

መዲና አደራ ሰጥታት ኖሯል፣ አለ በልቡ። ረሂማ የሰው ምሥጢር አታወጣም ነበር።

ዘርግቶ አነበበው። የተጻፈው በሰኔ ነው፤ "ከሳሽ" ከሚለው ጎን የረሂማ ስም አለ። እንደገና አነበበው።

ውጭ መዲና ለይላን እሹሩሩ ትላለች። የሱቁ ቆርቆሮ በር ሲዘጋ ተሰማ። ጀማሉዲን ግን ከበርጩማው አልተነሣም። ቆይቶ ከሸሚዝ ኪሱ ብዕር አወጣ።

ከወረቀቱ ግርጌ፣ "የተከሳሽ ፊርማ" ከሚለው ጎን፣ "ደርሶኛል" ብሎ የራሱን ስም ጻፈ።