በሩ ያላመናት ልጅ

አስካለ የበሩ መለኪያ ከአምስት ወደ አንድ መውረዱ ትዝ ያላት፣ ልጇ ትርሲት ዝናብ ውስጥ ቆማ ማንኳኳት ከጀመረች በኋላ ነው። ጠዋት የጎረቤት ቤት ተዘረፈ ሲባል ደንግጣ ያወረደችው ራሷ ነበረች።

ቁልፍ ከቀረ ወዲህ የከተማው በር ሁሉ የመጣውን ሰው አስቀድሞ «ባዕድ ነው» ብሎ ይገምታል፤ ድምፁ፣ ፊቱና አረማመዱ ካላሳመኑት ባለቤቱ ከውስጥ ቢያዘውም አይከፍትም። አምስት ላይ ሲሆን ከመቶ ባዕድ አምስቱን ተሳስቶ ያስገባል፤ አንድ ላይ ሲሆን አንዱን። አስካለን ያ አንዱም እንቅልፍ ይነሳታል።

«ባዕድ ናት የሚለውን ግምት ለመጣል በቂ ማስረጃ የለም» አለ በሩ።

«ልጄ ናት እኮ!»

«አይደለችም አላልኩም። ማስረጃው አልበቃኝም ነው ያልኩት።»

«እሺ፣ ወደ አምስት መልሰው!»

«ሰው ደጃፍ ከደረሰ በኋላ መለኪያ አይቀየርም።»

አስካለ በመስኮት አጮለቀች። የልጅቷ ፀጉር አጥሯል፣ ድምፅዋ በጉንፋን ጎርንኗል። ለአፍታ እሷም ተጠራጠረች።

«ፀጉርሽን ማን ቆረጠው?»

«እማዬ፣ እየበሰበስኩ ስለ ፀጉር ታወሪኛለሽ?»

«ሳታማክሪኝ! ደግሞ ያለ ጃንጥላ!»

«የሌለ ሌባ እየፈለግሽ በሩንም አሳበድሽው!»

በሩ ቀጭ ብሎ ተከፈተ። «እንዲህ የምትነዘንዝዎ አንዲት ሴት ብቻ ናት። ግምቱ ወድቋል።»

ትርሲት እየሳቀች ገባች። አስካለ የልጇን እርጥብ ራስ በነጠላዋ አደራረቀች፤ መጠራጠሯን ግን ልትነግራት አፏ አልታዘዘላትም።

«ለሌሊቱ ስንት ላይ ላድርገው?» አለ በሩ።

«የምንጠብቀው ሰው የለም። ዝም ብለህ ተቆለፍ» አለችው፤ ተቆለፈም።