በሩ ያዘ

ሃልቮር የመጨረሻውን ብሎን አጥብቆ ቀና ሲል፣ ጎረቤቱ ሽማግሌው ቶርገር ላም እየሳቡ በእርሻው መንገድ ሲመጡ ያያል። መፍቻውን ከኋላው ይደብቃል። በገዛ መንገዱ ላይ የገዛ በሩን የሚጠግን ሰው የሚደብቀው ነገር የለውም፤ እጁ ግን ቀድሞታል።

በሩን የሠራው ራሱ ነው። የጣውላ በር ነው፤ በትንንሽ የብረት መንኮራኩሮች ከዘንግ ላይ ተንጠልጥሎ ወደ ጎን ይንሸራተታል። ባለጋሪው ከመቀመጫው ሳይወርድ ከላይ የተንጠለጠለውን ገመድ ሲስብ መንጠቆው ይነሳና በሩ ይከፈታል፤ ካለፈ በኋላ ማዶ ያለውን ገመድ ሲስብ ደግሞ ተመልሶ ይዘጋል። ከኖርዌይ መጥተው በዚህ የአዮዋ ሜዳ ላይ የሰፈሩት ገበሬዎች እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሳይሞክሩት አያልፉም ነበር። ሃልቮርም አጠገቡ ቆሞ፣ ቁጭ ማለት የሚችል ሰው ሁሉ ይከፍተዋል ይላቸው ነበር።

የመንጠቆው ጥርስ መበላቱን ያየችው ሚስቱ ቤሪት ናት። ተዘግቶ ሳለ ነፋስ ሲነካው ቀስ እያለ ይከፈታል አለችው። ድርቆሹን እንሰብስብና አየዋለሁ አላት። ድርቆሹ ተሰበሰበ፤ በሩን ግን አላየውም።

ትናንት ጠዋት ያረገዙ ጊደሮቹ በተከፈተው በር ወጥተው ባቡር መንገድ ላይ ቆሙ። ባቡሩ ሦስቱን ገደላቸው። ጎረቤቶቹ ሬሳቸውን ሊያነሱ ሲሰበሰቡ፣ አንዱ፣ ያ የተመሰገነ በር ራሱን መክፈትም ለምዶ ይሆናላ ብሎ ቀለደ። ሰዎች ሳቁ። የሃልቮር ደም ፈላ። የእኔ በር ራሱን አይከፍትም አለ፤ ማነው በመጨረሻ ያለፈበት ብሎም ጠየቀ።

ቶርገር እጃቸውን አነሱ። ከወፍጮ ቤት ሲመለሱ ያለፉት እሳቸው ነበሩ። ገመዱን የሳቡ ይመስላቸዋል፣ ግን ጋሪው ላይ እንቅልፍ ሸለብ አድርጓቸው ነበር። ሃልቮር የመንጠቆውን ነገር ሳያነሳ ሬሳዎቹን ወደ መጎተት ዞረ። ያኔ አንድ ቃል ይበቃ ነበር።

አሁን ቶርገር በሩ ላይ ደርሰው ይቆማሉ። የሚስቧት ላም ግንባረ ነጯ ናት፤ ከእሷ ሌላ የሚያልቡት የላቸውም። ከሃልቮር አባት ጋር በአንድ መርከብ ነው የመጡት። አባቱ ሲሞት ሃልቮርን እርፍ ያስጨበጡት እሳቸው ናቸው፤ የሥጋ ዘመድ ባይሆኑም አጎቴ ይላቸዋል።

"ላሟን ወዴት ነው፣ አጎቴ?"

ቶርገር ላሟን ከአጥሩ ጋር ያስሩና ቀና ብለው ገመዱን ያያሉ። ሌሊቱን እንዳልተኙ ይነግሩታል። እጄ ገመዱን መሳቡን ያስታውሳል፣ ጭንቅላቴ ግን አይመሰክርልኝም ይላሉ።

"አንዴ ልሞክረው? መንጠቆው ላልቶ ይሆናል እያልኩ ነው ያነጋሁት።"

ሃልቮር አፉን ይከፍታል። የሚወጣው ቃል ግን "ይሞክሩት" ነው።

ቶርገር ገመዱን ይስባሉ። በሩ ይከፈታል። አልፈው ሌላውን ይስባሉ። በሩ ተመልሶ ይመጣና መንጠቆው ቀጭ ብሎ ቦታው ላይ ይወድቃል። በመዳፋቸው ይገፉታል፤ ቀጥሎ በትከሻቸው። አዲሱ ብረት ፀሐይ ላይ ያብለጨልጫል፣ የእሳቸው ዓይን ግን እንዲህ ያለውን ማየት ከተወ ቆይቷል።

"ያዘ" ይላሉ። "እንግዲያው እኔው ነኝ።"

በሩን ከፍተው ይመለሱና ላሟን ፈትተው ገመዷን ያስጨብጡታል። "ሦስቱን አትተካም፣ አውቃለሁ። ግን ደህና ትታለባለች። ስትታለብ ካላወሯት ትራገጣለች፤ ለቤሪት ንገራት።"

ገመዱ ከመዳፋቸው የወሰደው ሙቀት አልወጣለትም። ሃልቮር ሊይዘው ያቅተዋል።

"ትናንት አይዝም ነበር" ይላል።

"ምኑ?"

"በሩ። ጥርሱ ተበልቶ ነበር። አሁን ነው የቀየርኩት፤ እርስዎ ሲመጡ ገና መጨረሴ ነበር።"

የቶርገር ፊት ይፈታል። ጆንያ ከጀርባው እንደወረደለት ሰው ረጅም ትንፋሽ ያወጣሉ። "እኔ አይደለሁማ" ይላሉ ለላሟ፤ አንገቷን ቸብ ቸብ እያደረጉ ይስቃሉ። ሳቁ መሐል ላይ ይቆማል።

"ትናንት በሰው ፊት ስትጠይቅ ታውቅ ነበር?"

አላውቅም ማለት ይችላል። ያምኑታል።

"አውቅ ነበር።"

ቶርገር ገመዱን ከእጁ መልሰው ይወስዳሉ። ሃልቮር ዛሬውኑ ቤት ለቤት ዞሮ ለሁሉም እንደሚናገር ይቀባጥራል። እሳቸው ግን ፊታቸውን አዙረዋል።

"ከእኔ ቤት ጀምር። ኢንጌቦርግ ባሌ ጃጀ ብላ ከትናንት ጀምራ እያለቀሰች ነው።"

ቶርገር ከፊት፣ ላሟ ከመሐል፣ ሃልቮር ከኋላ ሆነው ይሄዳሉ። ሃልቮር የሚለውን በልቡ ደጋግሞ ያጠናል፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው፣ መጀመሪያው ግን ይጠፋበታል።

ኢንጌቦርግ ደጃፍ ላይ ናቸው። ላሟ ስትመለስ ሲያዩ ሽርጣቸውን አፋቸው ላይ ይይዛሉ። ከዚያ ግቢውን ሮጥ ሮጥ እያሉ አቋርጠው፣ ባላቸውን አልፈው፣ በቀጥታ ወደ ሃልቮር ይመጣሉ። ሁለቱንም እጆቹን፣ ቅባት ያጠቆራቸውን፣ በእጆቻቸው ውስጥ ይይዛሉ።

"እግዚአብሔር ይስጥህ፣ ልጄ" ይላሉ። "እንደማትወስዳት ነግሬው ነበር።"

ቶርገር ዞር ሳይሉ ላሟን ወደ ጋጣው ያስገባሉ። ሃልቮር እጆቹን ሊያወጣ ይሞክራል፤ ኢንጌቦርግ አጥብቀው ይይዟቸዋል።