ነጭ አበባ ያወጣ አሪቲ

አሪቲ መቼ ነው ነጭ አበባ የሚያወጣው?

እትዬ ብዙነሽ በእጃቸው የያዟትን ዘለላ እያገላበጡ ያያሉ። በተወለዱበት ደጋ አሪቲን የሚያውቁት በቅጠሉ ነው፤ ሳያብብ ይቀጠፋላ። እዚህ ሸዋ ሮቢት ቆላው ላይ ግን ሲሸጥ እንጂ ሲበቅል አይተው አያውቁም። ከትናንት በስቲያ ከግጦሹ ዳር ያንን ስንጥቅጥቅ ቅጠል ሲያዩ የእናታቸውን ጓሮ ያገኙ መሰላቸው። ቀቅለው የልጅ ልጃቸውን፣ የሦስት ዓመቷን ፀደንያን አጠቡበት። ምች እንዳይመታት፣ ዓይን እንዳያገኛት።

አሁን የልጅቷ ክንድና አንገት ቀልቷል፤ ሌሊቱን ስታክ ነው ያደረችው። እናቷ ፍሬሕይወት፣ ሆቴል ስትሠራ ውላ የምትገባው ምራታቸው፣ አዲሱ ሳሙና ነው ብላ ሳሙናውን ማታ ደጅ ወርውራዋለች። እትዬ ብዙነሽ ሲወረወር እያዩ የተረፈችውን ዘለላ ነጠላቸው ሥር ሸሸጉ። ምን ይበሉ? ድሮም ልጄን ሕፃናት ማቆያ ላስገባት እያለች ነው። ፀደንያ ከሄደች ደግሞ የዚህ ቤት ቀን በምን ይመሻል?

ወተት አመላላሹ አብዱልመሊክ ጀሪካኑን አንጠልጥሎ ሲመጣ በር ላይ ጠበቁት። ከነጠላቸው ሥር ዘለላዋን አውጥተው፣ ይህቺ ምንድን ናት አሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ሰውየው እጁን አልዘረጋም።

«ቅንጨ አረም ነዋ፣ እትዬ። ላም ከበላችው ወተቷ መራራ ነው። እኛ እንኳ ስንነቅለው እጃችንን በፌስታል ጠቅልለን ነው፤ ቆዳ ያሳክካል።» ፈገግ አለ። «ለጉዝጓዝ ነው እንዳይሉኝ ብቻ።»

ወተቱን ቀድቶላቸው ሄደ። የራሳቸውም የእጅ አንጓ ከትናንት ጀምሮ ይበላቸዋል፤ ቢንቢ ነው ብለው ነበር። ዘለላዋን አዩዋት። ከአጥሩ ማዶ ብትጣል ማን ያያታል? ሜዳው እንደሆነ በዚሁ አረም ሙሉ ነው።

ፍሬሕይወት ሐኪም ቤት ልትወስዳት ልጇን አልብሳ፣ ቦርሳዋን አንግታ ከጓዳ ወጣች።

«እማዬ፣ ሐኪሙ ምን ነካት ሲለኝ ሳሙና ነው ልበለው አይደል?»

ፀደንያ ክንዷን እያከከች አያቷን ቀና ብላ አየቻቸው።

«ሳሙናው አይደለም» አሉ እትዬ ብዙነሽ። እጃቸውን ዘረጉ። «በዚህ ነው ያጠብኳት። አሪቲ መስሎኝ።»

ምራታቸው ቅጠሉን አየች፤ የአሮጊቷንም የቀላ አንጓ አየች። ፌስታል አምጥታ ዘለላዋን ጠቀለለችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ልጇን አቀፈች። ደጁ ላይ ጎንበስ አለች፤ ማታ የወረወረችውን ሳሙና ከአፈሩ አንስታ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ወደ ሐኪም ቤት ሄደች።